ጥርሱ ያልጎደለው መጋዝ

ይድረስ ለተከበሩ ኡስታዝ ሺናዊ፣ በድሚያጥ ከተማ የሙያ ትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፤

የአላህ ሰላምና በረከት በእርስዎ ላይ ይሁን። ጤናዎ እንደምን ነው? ቤተሰብዎስ? የኤሌክትሪክ መጋዙስ? እኔ ዓሣ አጥማጁ በድራን ነኝ፤ ፊደሌ ጎደሎ ቢሆንም ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ ስላልፈቀድሁ ይታገሱኝ።

አንደኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። መጋዙን ፈርመው ስለተረከቡትና ቢሰበር ከደመወዝዎ ስለሚቆረጥ፣ እንደ ሙሽራ ሸፍነው ቆልፈውበታል። ልጄ ሂላል እስኪመረቅ ድረስ ያየው በመስኮት ብቻ ነው። መምህሩ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሣሉት፤ ልጆቹም ደብተራቸው ላይ ገለበጡት።

ሁለተኛ፣ ባለቤቴ ኢንሳፍ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ወንድሞቿን ባሕር ስለበላባት ልጇ ጀልባ ላይ እንዳይወጣ አስምላኝ ነበር። ጎረቤቱ ሙያ ትምህርት ቤት የሚገባው ውጤት ያልመጣለት ነው እያለ ሲያሽሟጥጥ፣ እሷ ግን ሙያ ሰው አያሰጥምም ትል ነበር። ሂላል የገለበጠውን የመጋዝ ሥዕል ራስጌዋ ሰቅላ፣ በመጋዙ የሚሠራ መስሏት፣ ደስ ብሏት ሞተች። ለዚህም አመሰግናለሁ፤ ደስ ብሎት የሚሞት ብዙ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ስለ ዲፕሎማው። «እጅግ በጣም ጥሩ» ይላል። ሂላልን የቀጠሩት ዋና አናጺ ሙአሊም ረሻድ ይህንን አምነው በመጀመሪያው ቀን መጋዝ ፊት አቆሙት። ሦስት ጣቶቹ እዚያው ቀሩ። ሐኪም ቤት፣ አልችልም ብትል ምን ነበረበት ብዬ ተቆጣሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ «አባዬ፣ አልችልም ካልኩማ እማዬን ዋሽቻት ነበር ማለት ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እሱን መቆጣት አቃተኝ፤ ቁጣዬም ማደሪያ አጥቶ ሲዞር እርስዎ ደጅ ደረሰ።

አራተኛ የለኝም። አንድ ልመና ግን አለኝ። በመስከረም የጎረቤቴ የሩቅያ ልጅ እርስዎ ትምህርት ቤት ይገባል። አትላኪው አልላትም፤ ኢንሳፍ አልተሳሳተችም። እባክዎ በሩን ይክፈቱት፤ መምህሩ አጠገባቸው ይቁሙና ልጆቹ መጋዙን ይንኩት። ቢሰበርም ይሰበር፤ ብረት ይጠገናል።

ቁልፍዎን አላህ ከመጥፋት፣ እንቅልፍዎንም ከመረበሽ ይጠብቅልዎ እያልሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ፤

የኢንሳፍ ባል፣ የሂላል አባት፣ በድራን ሻሃታ

ሳልረሳው፦ ንብረት ቆጣሪዎች ሲመጡ የመጋዙን ጥርስ ያስቆጥሯቸው፤ አንድም አልጎደለም። የሂላልን ጣት እኔ ቆጥሬዋለሁ።