የጉንጬ ልክ ያለበት መትረየስ

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፣ አንገት ሲታደል እንደ እኔው ተኝታ ለቀረችው፦

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? ትከሻሽስ? እግርሽ ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ አረፍ አለልሽ? ከጦሩ ለእረፍት ወደ ቤት መግባትሽን ስሰማ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ። እናትሽ እንዴት ናት? አያትሽ ጉልበታቸው እንዴት አደረጋቸው? ታናሽ ወንድምሽስ አሁንም ይበላል፣ ወይስ የቤቱን ጨርሶ ወደ ጎረቤት ተሻግሯል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ። ሆዴ ትንሽ ወጣ ብሏል፤ የራሴ ስለሆነ ግን አልተቀየምኩትም።

ስለምሠራበት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ንገረኝ ብለሽኝ ነበር። የእኛ የእንጨት ክፍል መስኮቶቹ ከጣሪያው ሥር ናቸው። ጠዋት ፀሐይ ስትገባ የእንጨቱ ብናኝ አየር ላይ ቀስ እያለ ይንሳፈፋል፤ በመካከሉ የሚያልፈው ሰው ሁሉ በህልሙ የሚሄድ ይመስላል። መትረየሶቹ ከብረት ክፍል ሰደፍ ሳይኖራቸው ይመጡና ጠረጴዛው ላይ በረድፍ ይጋደማሉ። ይህችን መትረየስ ሠራተኛው «ቀጭኗ» ይላታል። የተሠራችው ለእናንተ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ለምትሉት ተንቀሳቃሽ እግረኞች ነው፤ አንድ ሰው ተሸክሟት እንዲሮጥ፣ ተኝቶ እንዲተኩስባት፣ ተነሥቶ ደግሞ እንዲሮጥ። ከሩቁ የሙከራ አዳራሽ ተኩሱ ሲሰማ በሌላ ሰው ህልም ውስጥ በር የሚንኳኳ ነው የሚመስለኝ።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ ልምጣ። ጓደኞችሽ ቀጭኗን ሲይዙ አንገታቸውን እያጣመሙ ሲራገሙ፣ አንቺ ግን ጉንጭሽን ስታሳርፊባት እንቅልፍ እንቅልፍ እንደሚልሽ፣ የቤታችን ጓሮ እንደሚታይሽ ጽፈሻል። አዛዥሽም አያያዝሽን አይቶ መትረየስ ተኳሽ እንድትሆኚ ጠይቆሻል። ካልፈለግሽ የተማርሽውን የጭነት መኪና ትነጃለሽ፤ ከእረፍት ስትመለሺ መልስሽን ይጠብቃል። አንቺ ደግሞ «አብራኝ የተወለደች ትመስላለች፤ እጣ ፈንታዬ ሳትሆን አትቀርም» ብለሻል። ተኳሿ ሌሎቹ ቦታ ሲለቁ ኋላ ቀርታ የምትሸፍናቸው እንደሆነች አንቺም እኔም እናውቃለን። እናትሽም አውቃለች መሰለኝ፣ እንቅልፍ አጥታለች ይሉኛል።

እሷ አጠገብሽ ሆና የምታነቢላት ከሆነ የሚቀጥለውን ሳል ሳል ብለሽ እለፊው። ወንድሜ ቁም ነገረኛ ሆነ ብላ ለሰፈሩ ሁሉ ስላወራች እንዳላሳፍራት ነው።

በእኛ ክፍል የመጀመሪያው ሰደፍ በወረቀት ልክ ብቻ አይቆረጥም። አንድ ሰው መትረየሱን ይዞ ይተኛና ዋናው አናጢ የጉንጩንና የትከሻውን መስመር እየተከተለ እንጨቱ ላይ ያሰምራል። ከዚያ የእንጨት መቁረጫው ማሽን ያንን አንዱን እየተከተለ ለሁሉም ያወጣል። የቀጭኗ ጊዜ፣ ተኝቶ የሚዋልበት ሥራ አለ ሲባል ከእኔ ቀድሞ እጁን ያወጣ የለም። ጆንያ ላይ ተጋደምኩ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ክፍሉ ይሞቃል፣ እንጨቱ ይሸታል። ጉንጬን እንዳሳረፍኩ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። እናትሽና እኔ ልጆች ሆነን ጓሮ ውስጥ በተሰጡት አንሶላዎች መካከል ስንደባበቅ አየሁ፤ አንሶላው ነጭ፣ ነፋሱ ቀዝቃዛ፣ እሷ ትስቃለች፣ ግን የት እንዳለች አይታየኝም። ስነቃ አናጢው ጨርሷል። «እንዳንተ የማይነቃነቅ ሰው አይቼ አላውቅም» አለኝ። ምስጋና ደግሞ አይመለስም፤ ተቀበልኩ።

እንግዲህ እጣ ፈንታ ያልሽው የአጎትሽ ጉንጭ ነው፤ ያውም የተኛ ጉንጭ። ፊትሽን ከእኔ ወስደሻልና ገጠመልሽ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ጓሮው እንዴት እንደታየሽ ግን እኔም አልገባኝም።

በዚህ ሳምንት ደግሞ ቀጭኗን ለሚተካው አዲስ መትረየስ ሰደፍ ለመለካት አናጢው እንደገና ጠራኝ። ያን ጊዜ ተንኮል አሰብኩ። እንጨት የሚያለሰልስ አንድ ሰው አለን፤ ከርዝመቱ የተነሣ ቀጭኔ እንለዋለን። እሱ በኔ ቦታ ቢተኛ አዲሱ ለአንቺ አይመችሽም፤ አዛዥሽም ሌላ ተኳሽ ይፈልጋል። ይህን ለቫርኒሽ ቀቢዋ በኩራት ነገርኳት። ከብሩሿ ቀና ሳትል «ላንተዋ ካልተመቻት ለሌላዋ ይመቻታል» አለችኝ። «ያቺስ አጎት የላትም?» ቀኑን ሙሉ ቀልድ አልወጣኝም። ማታ ሊዘጋ ሲል ሄጄ ተጋደምኩ፤ ተለካሁ።

ስለዚህ አዲሱም ልክሽ ይሆናል። ሌላ ብልሃት ስላልቀረኝ እውነቱን መንገር ብቻ ነው የቀረኝ። ተኳሽ መሆን ከፈለግሽ ፈልገሽው ይሁን፤ ገጠመኝ ብለሽ አትግቢበት። የሚገጥም ነገር ሁሉ የራስ አይደለም። እኔን ከጠየቅሽኝ የጭነት መኪናውን መሪ ያዢ፤ እሱ ለማንም ጉንጭ አልተለካም። ደግሞም ያቺ ሁሉን የምትሸከመው መኪና ሳትመጣ ጦሩ የትም አይደርስም። ያም ሆነ ይህ ለአዛዥሽ ከመመለስሽ በፊት ከእናትሽ ጎን፣ በገዛ ትራስሽ አንድ ሌሊት ደኅና አድርገሽ ተኚ። ጠዋት ስትነቂ መጀመሪያ የመጣልሽን መልስ ለእሷ ንገሪያት፤ ከእኔ በፊት እሷ ትስማው።

ለአያትሽ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በይልኝ። ለእናትሽ ትከሻዋን እቀፊልኝ፤ ስታለቅስ አትከልክያት፣ ስትስቅ ግን ጻፊልኝ። ለወንድምሽ ከማዕድ ሲነሣ ሰላም በይልኝ፣ ከዚያ በፊት አይሰማሽም። አንቺን ደግሞ ሁለቱንም ጉንጭሽን።

የሚወድሽ አጎትሽ
ከእንጨት ክፍሉ ጀርባ ካለው ማደሪያ
ግንቦት 14 ቀን