«ኤ» የሚሉ የቡቲዬ ሴቶች

ለምሳሳልሽና ለማከብርሽ እኅቴ፣ ለእትዬ አስካለ፤

ሰላምታዬ እኔን ቀድሞ ከደጃፍሽ ይግባ። እንደምን ከረምሽ? ወገብሽን ብርድ ሲሆን አሁንም ያምሻል ወይ? እናታችንስ እንዴት ናት? ዓይኗ ተሻላት ወይስ እንደዚያው ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ስዩምም ሱቁም ደህና ናቸው። ዝናቡ ጀምሮልናል፤ የሞያሌ አቧራ ጭቃ ሆኖ ጫማ እያስቀረ ነው።

በደብዳቤሽ «ልጃችሁን ኪሩን ከቀበራችሁ ወዲህ እዚያ ምን ያስቀምጣችኋል? ሱቁን ዝጉና አዋሳ ግቡ፤ ሐዘን በሰው አገር አይወጣም» ብለሽኛል። መልሱን ያዘገየሁት አኩርፌ አይደለም። እጄ ለጽሕፈት ቀርፋፋ መሆኑን ታውቂያለሽ። ደግሞም ለራሴም መልሱን ያገኘሁት በቅርቡ ነው።

አምና ፓስተር ፖል የቡቲዬን ሴቶች መጽሐፍ ቅዱስ እንዳስጠና እንደ ጠየቀኝ ነግሬሽ ነበር። ቡቲዬ ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ ያለ የፍየልና የእርሻ ሰፈር ነው፤ ሴቶቹም ቦረናዎች ናቸው። የእኔ ኦሮምኛ ለገበያ እንጂ ለወንጌል አይበቃም። ስለዚህ እኔ በአማርኛ አነባለሁ፣ ቆቲሌ የምትባል ሴት ትተረጉማለች። እኔ አንድ መስመር ሳነብ እሷ ስትናገር ትቆያለች። «ይህ ሁሉ እዚያ ላይ አለ ወይ?» ብላት «አንቺ አጥንቱን አነበብሽ፣ እኔ ሥጋ ጨመርኩበት» አለችኝ።

መጀመሪያ ግን ተናድጄባቸው ነበር። በየመስመሩ «ኤ! ኤ!» ይላሉ። እኛ ቃሉ ሲነበብ ጸጥ ማለት ነው የለመድነው፤ እናም ኮስተር ብዬ «እባካችሁ ዝም ብላችሁ አድምጡ» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆቲሌም ዝም አለች። ምነው ብላት «የሚመልስልኝ ከሌለ ለማን ልንገር? ለፍየሎቼ?» አለች። ለካ በእነሱ ዘንድ ወሬ ብቻውን አይሄድም፤ አንዱ ሲናገር ሌላው «ኤ» እያለ ይሸኘዋል። አፍሬ ተውኩት።

የቆቲሌን የወተት ዕቃም እንዲሁ አበላሽቼባታለሁ። ከተክል ሥራ ሥር የተሸመነ፣ ውስጡ በጢስ የጠቆረ ነው። ወተት ሞልታ ስትልክልኝ ጥቁረቱ ቆሻሻ መስሎኝ በኦሞ ፈትጌ መለስኩላት። በማግስቱ «ማማ ኪሩ ዕቃዬን አጠመቀችው! አዲስ ፍጥረት ሆኗል፤ ወተት ግን አይቀበልም» ብላ ሴቶቹን አሳቀችብኝ። እናታችን ይህን ስትሰማ «ቅል በወይራ ሳጥን እያየች አድጋ!» እንደምትል አውቃለሁ።

ማማ ኪሩ የሚሉኝ እዚህ እናት የምትጠራው በልጇ ስም ስለሆነ ነው። ኪሩ በወባ ከሞተብኝ በኋላም አልተዉትም። መጀመሪያ ላይ በስሙ በጠሩኝ ቁጥር ያቃጥለኝ ነበር። ማስጠናቱን ባላቋርጥም አንብቤ እሄዳለሁ እንጂ ከማንም ጋር አልጫወትም ነበር።

የምናጠናው የሉቃስን ወንጌል በተርታ ነው። ምዕራፍ ሰባት ላይ ስንደርስ አንድያ ልጇን ልትቀብር የወጣችው የናይኗ መበለት ታሪክ መጣ። የሚነበበውን ለቆቲሌ አስቀድሜ ስለምነግራት ያንንም ቶሎ ቶሎ ነገርኳት። ቀኑ ሲደርስ ግን «አሞኛል» ብዬ ልኬ ቀረሁ። እነሱ ደግሞ ጭቃውን እየረገጡ ወተት ይዘው ቤቴ ድረስ መጡ። ቆቲሌ ፊቴን አየችና «በሽታሽን አውቄዋለሁ። ዛሬ አንቺ አታንብቢ። እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ‹ኤ› በይ» አለች።

«አንዲት ሴት ነበረች» ብላ ጀመረች። «ኤ» ማለቱን ለእኔ ትተው ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ቆቲሌ እስክመልስላት አላለፈችም፤ ያንኑ ደገመችው። «ኤ» አልኩ። «አንድ ልጅ ነበራት» አለች። «ኤ» አልኩ። «ሞተባት» ስትል እንባዬ እየወረደ እሱንም «ኤ» አልኩ። ጌታ «አታልቅሺ» እንዳላት ስትነግረን ሎኮ የምትባለው አሮጊት «ይህን ማለትማ ለወንድ ይቀልላል!» ብላ አቋረጠቻት። እሱ ይቅር ይበላትና ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ፣ እትዬ። ከኪሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ልጁ ከቃሬዛው ቀና ብሎ ሲቀመጥ ግን አላስቻለኝም። «የእሷ ተነሣ፣ የእኔ አልተነሣም» አልኩ። ይህን ጮክ ብዬ ለእግዚአብሔር እንኳ ነግሬው አላውቅም ነበር። ማንም ጥቅስ አልጠቀሰልኝም፤ ማንም «ለበጎ ነው» አላለኝም። ሁሉም በአንድ ድምፅ «ኤ» አሉ። ከዚያ ወተቱን ጠጣን።

ስለዚህ ሱቁን አንዘጋም። ለገና እንመጣለን፣ ጠግበንሽ እንመለሳለን። አዋሳ ስመጣ ወይንሸት ነኝ፤ እዚህ ግን አሁንም የኪሩ እናት ነኝ። ሉቃስንም ገና አልጨረስንም፤ ቆቲሌ ሥጋ እየጨመረችበት መቼ እንደምንጨርስ እንጃ።

ለባለቤትሽ ለጋሼ ደምሴ አክብሮቴን አድርሺልኝ። መቅዲ በትምህርቷ እንድትበረታ አክስትሽ ብላለች በያት፤ ትንሹንም በሁለቱም ጉንጩ ሳሚልኝ። ስዩም ሁላችሁንም ሰላም ብሏል። የእናታችንን ጉልበት እስማለሁ። ይህን ደብዳቤ ስታነቢላት ግን ዝም ብላ እንዳትሰማ፤ በየመስመሩ «ኤ» ትበልልኝ። የኪሩ ስም ላይ ስትደርሺ አንቺም አብረሻት በይ።

እኅትሽ ወይንሸት፣ ማማ ኪሩ

ሞያሌ፣ ኬንያ
ጥቅምት 19 ቀን 1999 ዓ.ም.