መርቆ የሸጠው በሬ

አሰላሙ አለይኪ ልጄ ሳሚያ። አላህ በሰው አገር ከክፉ ዓይንና ከክፉ እጅ ይጠብቅሽ። የጨፋ ሜዳ ማሽላ ዘንድሮ አምሯል፤ ጉልበቴም ትንሽ ተሽሎኛል። ወንድምሽ አብዱሰላም ግን ሁለት እጁ ተሰብሯል፤ ከሰው ሳትሰሚ ልንገርሽ ብዬ ነው።

በሬያችንን ይዘን ባቲ ገበያ ወጣን። አንድ ገበሬ ዋጋ ሰጠው፤ ወንድምሽም «እሺ፣ አላህ ይባርክልህ» ብሎ ገመዱን አስጨበጠው። እንደምታውቂው ሻጭ ከመረቀ ወዲያ መመለስ የለም። ሌላ ነጋዴ መጥቶ «እኔ እጨምራለሁ» ቢለው ግን ገመዱን መልሶ ነጠቀ። ገበሬው «መርቀህ ሰጥተኸኝ!» እያለ በሽመል አንድ ክንዱን ሰበረው፤ ወድቆ ሳለም ሌላውን ደገመው። ደሙ ቀሚሴ ላይ ቀርቷል፤ ባጥበው ባጥበው አልለቅ አለኝ።

እዚያው ሽማግሌ ተቀመጠ። ወንድምሽን «መርቀሃል?» አሉት። «አልመረቅኩም» አለ። ወደ እኔ ዞሩ። ደሙ እየፈሰሰ፣ ዓይን ዓይኔን እያየኝ፣ «መርቋል» አልኩ። ገበሬው ለክንዱ ካሳ ተቆረጠበት፤ በሬው ግን ከእሱ ጋር ሄደ።

አሁን እኔው ነኝ የማጎርሰው። አፉን ይከፍታል፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰልኝም።

አላህ በሰላም ለቤትሽ ያብቃሽ። አደራሽን ደውይለት። ስልኩን ጆሮው ላይ የምይዝለት እኔ ነኝ፤ ድምጹን እሰማለሁ።