ለሩቲ የሰፋሁት ቀሚስ

ልጄ ሩቲ፣ የሰው አገር አይክፋብሽ፤ እመቤቴ ማርያም ጥላ ትሁንሽ። እኔ አለሁ።

ስትመጪ ቤት ውስጥ ዘና ብለሽ የምትለብሺውን ሰፊ ቀሚስ ማክሰኞ ስዘመዝም፣ በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰበብ ሰበታ በተኩስ ተናጠች። የጎረቤታችን የኦቦ ዲንሳ ልጅ ክንዱ እየደማ አጥር ዘሎ ገባ። ቁስሉን በቁራጭ ጨርቅ አስሬ ቀሚስሽን አለበስኩት፤ በሻርፕ ሸፋፍኜ ስፌት ማሽኑ ፊት አስቀመጥኩት።

ወታደሮቹ በሩን ገንጥለው ገቡ። "ልጁ የታለ?" አሉኝ።

"ከልጄ ከሩቲ በቀር ማንም የለም፤ ማርያምን!" አልኩ።

እጃቸው ይሰበርና፣ በሰደፍ ሁለት ጥርሴን አረገፉት። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይሰፋል። ትተውን ሄዱ።

ቀሚስሽን እንደለበሰ ወደ ተጂ አመለጠ። ሌላ እሰፋልሻለሁ፤ የወገብሽን ልክ ላኪልኝ። ደግሞ መሐላዬ የሐሰት ሆኖ እንዳይቀር፣ እባክሽ ልጄ፣ አንድ ቀን ነይልኝ። መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ።

እናትሽ የሺወርቅ