የጊታርህን አንገት ቫርኒሽ አስቀባሁት

ልጄ ተካልኝ፣ ተኩዬ፤

ከተለየኸኝ ሁለት የአሰብ በጋ አለፈ። ቀስ ብዬ ስለምጽፍ ይህን ወረቀት ከጀመርኩ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። በመሠረተ ትምህርቱ ሰሞን እጄን በእጅህ ይዘህ፣ «እማዬ፣ እርሳሱን እንዲህ አትጨብጪው፣ አይሸሽሽም» እያልክ ባስተማርከኝ ፊደል ነው የምጽፍልህ። አሁንም አጥብቄ ነው የምይዘው።

ቤቱ ያው ነው። የበረንዳው ቆርቆሮ በጨው ተበልቶ ስለተበሳሳ አስቀየርነው። እህትህ ሰናይት ቁመቷ አንተን ሊያክል ነው፤ ሰማያዊ ሸሚዝህን እጅጌውን ሳታጥፍ ትለብሰዋለች። አልጋህን ከቦታው አላነሳሁም። ጊታርህም ከአልጋህ በላይ፣ ራስህ በመታኸው ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ነው። የምጽፍልህ ስለ እሱ ነው።

አንድ መርከበኛ ትቶት የሄደውን፣ አንገቱ የተሰበረ ጊታር ታቅፈህ የገባህ ቀን ትዝ ይለኛል። ጎረቤታችን አናጺው ጋሽ ወልዴ፣ «ይሄ እኮ ሬሳ ነው፤ ለቀብር ነው ያመጣኸው?» ብሎ ሳቀብህ። አንተ ግን እስከ በይሉል መንደር ድረስ ሄደህ ከአንድ የአፋር ዓሣ አጥማጅ የአሮጌ ጀልባ ሳንቃ ለምነህ መጣህ። አዲሱን አንገት ከዚያ ሳንቃ ጠረብከው። ጀልባው ሰዎቹን ባሕር ላይ ጥሎ ባዶውን የተመለሰ መሆኑን የነገርከኝ ጠርበህ ከጨረስክ በኋላ ነው።

ከዚያ ክርክሩ መጣ። ጋሽ ወልዴ ቫርኒሽ ካልተቀባ አይሆንም አለ፤ በዚህ የባሕር አየር ራቁቱን የተተወ እንጨት ውሃ ይጠጣል፣ ይጣመማል። አንተ ደግሞ ቫርኒሽ እጅ ይይዛል አልክ። በአሰብ ሙቀት መዳፍ ያልበዋል፣ ያላበው እጅ የተቀባ እንጨት ላይ ይጣበቃል፣ እንደልብ አይንሸራተትም። አልግባባ ስትሉ ሁለት ቁራጭ እንጨት አመጣህ፤ አንዱ የተቀባ፣ አንዱ ያልተቀባ። «እማዬ፣ ዓይንሽን ጨፍኚና ዳብሺያቸው። አንቺ ያልሽው ይሆናል።» የተቀባው እንደ ሳህን ቀዘቀዘኝ። ያልተቀባው የሰው ገላ መሰለኝ። ይሄኛው አልኩ። የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ተኩዬ።

ዓመት ሳይሞላው እንጨቱ እጅህን ጠጣ። አውራ ጣትህ የሚያርፍበት ቦታ፣ በአንገቱ ጀርባ፣ የተምር ፍሬ የሚያህል ጥቁር ምልክት ወጣ። ለብሔራዊ ውትድርና ስትጠራ ክሮቹን አጥብቀህ፣ ቃኝተህ ሰቀልከውና ሄድክ።

መርዶህ መጣ እንጂ ሬሳህ አልመጣም። ድንኳኑ ውስጥ የተለቀሰው በፎቶግራፍህ ነው። ልቅሶው ሲያበቃ ጋሽ ወልዴ ክሮቹን እናላላቸው፣ አንገቱን እየጎተቱ ያጎብጡታል አለኝ። እምቢ አልኩ። አንተ ያጠበቅከውን እኔ በምን እጄ ላላላው? ጥፋቴ ከዚያ ይጀምራል።

የአሰብን ቀትር ታውቀዋለህ። ሰው ሁሉ ከሥራ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ ይተኛል። ውሻ እንኳ አይጮህም። ባለፈው በጋ አንድ ቀን በዚያ ሰዓት ተኝቼ ስነቃ ክር ሲመታ ሰማሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፤ ወፍራሙ ክር። ቀና ብዬ ሳይ ጊታሩ ሚስማሩ ላይ ይወዛወዛል። ነፋስ አልነበረም። በማግስቱም ሰማሁት። ተነሥቼ አንገቱን ስነካው እርጥብ ነው፣ ይሞቃል፤ ሰው አሁን የለቀቀው ይመስላል።

ምልክቱም ማደግ ጀመረ። የተምር ፍሬ የሚያህለው ጥቁር ወደ ታች ሰፋ፣ ቀስ እያለ የመዳፍ ቅርጽ ያዘ። ሰናይትን ነክተሽዋል ወይ ብላት አልነካሁትም ብላ ማለች። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና ፈራሁም፣ ደስም አለኝ። መጣልኝ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ቀትር ላይ በሩን ገርበብ አድርጌ መተኛት ጀመርኩ።

ዘንድሮ ጋሽ ወልዴ ሊጠይቀን ገብቶ ጊታሩን አወረደና በአንድ ዓይኑ አነጣጥሮ አየው። አንገቱ ቀስት ሆኗል። ክሩ ወርዶለት፣ ተቃንቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ቫርኒሽ ካልተቀባ በዚሁ በጋ ይሰነጠቃል አለ። ሲፋቅ ምልክቱ አብሮ በዱቄቱ ይሄዳል። ከዚያ ምልክት በቀር ከገላህ የቀረኝ የለም፤ መቃብር እንኳ የለኝም። ይሰንጠቅ እንጂ አይነካም ብዬ ጮኽኩበት።

ይሄኔ ሰናይት አለቀሰች። «እማዬ፣ እሱ አይደለም። አንቺ ነሽ።»

ከመርዶው ጀምሮ ቀትር ላይ ዓይኔ ተገልጦ፣ ግን ሳልነቃ እነሳለሁ አለች። ጊታሩን አውርጄ ጭኔ ላይ አስተኛዋለሁ። አንገቱን ጨብጬ ረጅም ሰዓት እቀመጣለሁ። ከዚያ መልሼ እሰቅለውና አንድ ክር ብቻ ነክቼ፣ ጋደም እንዳልኩ እነቃለሁ። ለምን አልነገርሽኝም ስላት፣ ፊትሽ የአንቺ አይመስልም ነበር፣ ፈራሁ አለችኝ። መዳፌን ምልክቱ ላይ አስቀመጥኩት። ልክ ሆነ።

ራቁቱ እንጨት አንተን ያስቀርልኛል ብዬ ነበር። እንጨቱ ግን የነካውን ሁሉ ይጠጣል። በየቀትሩ የእኔን ላብ እየጠጣ አንተን ከእኔ በታች ይቀብርህ ነበር። ሌላ አንድ በጋ ብቆይ አንተ ከዚያ አንገት ላይ አትገኝም።

በማግስቱ ጋሽ ወልዴን ጠርቼ ቀባው፣ ግን አትፋቀው አልኩት። «የተካልኝ እናት፣ በእድሜዬ እንዲህ ሠርቼ አላውቅም። የእጅ ቅባት ያለበት እንጨት ላይ ቫርኒሽ አይደርቅም። ያየ ሁሉ ይስቅብኛል።» ይሳቅብህ አልኩት። ክሮቹን ራሴ አላላኋቸው፣ ስድስቱንም። እየላሉ ሲሄዱ ያወጡትን ድምፅ አልጽፍልህም። ጋሽ ወልዴም አንገቱን ከቀጥ ያለ ሳንቃ ጋር አስሮ አቃናው፤ ከዚያ እያጉረመረመ ቀባው።

ሌላው ሁሉ በሁለት ቀን ደረቀ። መዳፌ ያጠቆረው ሰፊው ቦታ ሳምንት ፈጅቶ ከዳር እስከ ዳር ደረቀ። ከመካከሉ ግን የተምር ፍሬ የሚያህል ቦታ ይኸው ሦስት ሳምንቱ፣ አልደረቀም። ጋሽ ወልዴ ያው ቅባቱ ነው ይላል። ሲናገር ግን ወደ ጊታሩ አያይም።

ሰናይት ቀትር ላይ እጄን ከእጇ ጋር በሻሽ አስራ ታስተኛኛለች። አሁን ሳልነቃ አልነሳም። ስነቃ ሻሹን ፈትቼ እሄድና አውራ ጣቴን እዚያ እርጥብ ቦታ ላይ አሳርፋለሁ።

እስካለሁ ድረስ ቀትር መጥቶ ሳልጠይቅህ አያልፍም። ዓይኔ ቢደክም ጣቴ ቦታውን ያውቀዋል። እኔ ሳልችል ሰናይት ትመጣለች፤ አሳይቻታለሁ።

ቫርኒሽ እጅ ይይዛል ብለህ አልነበር? ይይዛል፣ ልጄ። እኔም ለመላቀቅ አልቸኩልም።

እናትህ ጥሩነሽ