በትምህርት ቤቱ በር ላይ ስለተሰቀለው በቀይ ቀለም የተጻፈ ሰሌዳ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ በጠዋት ሰልፍ ላይ እንደሚሰማው ድምፅዎ የጠነከረ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ የማስታወቂያ ሰሌዳ ጸሐፊ፣ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ በዚያም ላይ ባለፈው ረቡዕ በሰልፍ መሐል የወደቀችው የአምስተኛ ክፍል ተማሪ አባት ነኝ። ልጄ ደህና ናት፤ ሰኞ ወደ ክፍሏ ትመለሳለች። ከመመለሷ በፊት የሚከተሉትን ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. ልጆቻችንን ከአልኮልና ከአደንዛዥ ዕፅ ለመጠበቅ የቦርሳ ፍተሻ ስላስጀመሩ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ልጆቹ «አጣሪው» የሚሏቸው የጥበቃ ሠራተኛ ባለፈው ሰኞ ከልጄ ቦርሳ በወረቀት የተጠቀለሉ ክኒኖች አግኝተው ወረሱ። የምን ክኒን እንደሆነ አልጠየቋትም፤ ከራሳቸው በላይ በተሰቀለው ሰሌዳ ላይ «ማንኛውም ክኒን ያለ ጥያቄ ይወረሳል» ተብሎ በቀይ የዘይት ቀለም ተጽፏልና። «ያለ ጥያቄ» የምትለዋን በስብሰባ ላይ ያስጨመረውን አርቆ አሳቢ ሰው አውቀዋለሁ። ሰሌዳውንም በነፃ የጻፈው እሱ ነው፤ ጽፎ ሲጨርስም ከመንገዱ ማዶ ቆሞ በገዛ እጅ ጽሑፉ ሲደሰት አይቼዋለሁ። እኔው ነኝ።

2ኛ. ክኒኖቹ ለሚጥል በሽታዋ ሐኪም ያዘዘላት፣ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ የምትውጣቸው የሳምንቱ ክኒኖች ነበሩ። ከሌላ ተማሪ ከተወረሱ ሁለት ሲጋራዎች ጋር በመሳቢያዎ ውስጥ በጥንቃቄ ተቆልፎባቸው ስለቆዩ አመሰግናለሁ። ልጄ ሰኞም ማክሰኞም ሳትውጥ ዋለች፤ ለማንም አልተናገረችም። ክኒኑን ሰው ካየብሽ ወዮልሽ ብሎ ያስጠነቀቃት አባት ስላላት፣ ለእሱም ቢሆን መንገር ፈራች።

3ኛ. በወደቀች ጊዜ የተደረገላትን ርብርብ መቼም አልረሳውም። አራት መምህራን እጅና እግሯን ጠፍንገው ያዙ፤ የስፖርት መምህሩ በጥርሶቿ መሐል ማንኪያ ለማስገባት ታገሉ፤ የሥነ ሥርዓት ኃላፊዋም አፏን አሽትተው «ጠጥታ ሳይሆን አይቀርም» ብለው በመዝገብ አሰፈሩ። በጎኗ ማስተኛት፣ አለመያዝ፣ አፏ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ አምስት ደቂቃ ካለፈ ደግሞ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ እንደሚገባ ማንም አያውቅም ነበር። ከየት ይወቁት? ሐኪሟ ይህንኑ ለትምህርት ቤቱ እንዳደርስ ጽፈው የሰጡኝ ወረቀት ከብሩሾቼ ሣጥን ሥር ሁለት ዓመት ተኝቷል። በመመዝገቢያ ቅጹም ላይ «የጤና ችግር» በሚለው አንጻር «የለባትም» ብዬ በሚያምር ጽሕፈት ሞልቻለሁ። ሰው ምን ይላል ብዬ ፈራሁ፤ አብሯት የሚቀመጥ ልጅ ይጠፋል ብዬ ፈራሁ። ረቡዕ ዕለት ግን አንዲት ጓደኛዋ ሹራቧን አውልቃ ከልጄ ራስ ሥር አድርጋላት ነበር፤ ከሁላችንም የተሻለ የሠራችው እሷ ናት።

4ኛ. አጣሪው የአሥር ዓመት ልጅ ቦርሳ ሲበረብሩ፣ ከበሩ ትይዩ ያለው መጠጥ ቤት በዚያ ትልቅ ሰሌዳው ተማሪውን ጠዋትና ማታ ስለሚጋብዝበት ሁኔታ እርስዎ ያሳዩትን ትዕግሥት አደንቃለሁ።

የምለምነው አጭር ነው፦ መድኃኒቷ በክፍል ኃላፊዋ እጅ ይሁን፤ የሐኪሟ ወረቀት በመምህራን ክፍል ይለጠፍ፤ «ጠጥታ» የሚለው ቃል ከመዝገብ ይሰረዝ። የበሩን ሰሌዳ እኔው አወርዳለሁ።

በሚያምር ጽሕፈቱ ሲኮራ ኖሮ በጻፈው የተቀጣ፣
ታዛዥዎ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ (እስከሚሻር ድረስ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ከማሸጌ በፊት ልጄ አነበበችው። አራተኛው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ «አባዬ፣ የመጠጥ ቤቱንም ሰሌዳ የጻፍከው አንተ ነህ እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው። የቢራውን አረፋ ብቻ አሳምሬ ለመሳል ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ የሐኪሟን ወረቀት ከቤቴ ወደ እርስዎ ቢሮ ለማድረስ ደግሞ ሁለት ዓመት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ።