ሁሉም «የኔ ናቸው» ያሏቸው ሲስተር ፍቅርተማርያም ግዛቸው (1955–2017 ዓ.ም.)

ሲስተር ፍቅርተማርያም ከአባታቸው ከአቶ ግዛቸው በቀለና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺ ወልደሰንበት ጥቅምት 12 ቀን 1955 ዓ.ም. በሐዋሳ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ፒያሳ ላይ ልብስ ሰፊ፣ እናታቸው የቤት እመቤት ነበሩ። ሲስተር ፍቅርተማርያም የቤቱ በኩር ሲሆኑ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ታናሽ እህታቸው ሙሉጌጥ ተወለደች። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው እርሷ ናት። የሥራ ባልደረቦቻቸውም ሠልጣኞቻቸውም «እኛ እንጻፈው» ብለው ጠይቀው ነበር። ሙሉጌጥ እንቢ ብላለች። እህቷን በሕይወት ሳሉ ለሰው ሁሉ ስታካፍል ኖራለች፤ ይህችን አንዲት ገጽ ግን ለማንም አትሰጥም።

እናታቸው አስም ስለነበረባቸው ሕፃኗን ሙሉጌጥን ያዘሏት፣ ያጎረሷትና ጸጉሯን የሠሯት ሲስተር ፍቅርተማርያም ናቸው። ስለዚህ ልጅቷ ነፍስ እስክታውቅ ድረስ እህቷ ለእርሷ ብቻ የተፈጠሩ ይመስሏት ነበር። የጎረቤት ልጅ ካቀፉ ታለቅስ ነበር። እናታቸው «ይህች ልጅ ቅናቷ ከየት መጣ?» ሲሉ፣ ሲስተር ፍቅርተማርያም «ይተዉአት፣ እኔ ቅናቷን እወደዋለሁ» ይሉ እንደነበር ቤተሰቡ ያስታውሳል።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሐዋሳ አጠናቀው ወደ ነርስ ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያም የመኝታ ክፍል የተጋሯቸው ሩዋይዳ ሙክታር ነበሩ፤ የሩዋይዳ አባት በሐዋሳ ገበያ የታወቁ የቅመማ ቅመም ነጋዴ ናቸው። ሲስተር ፍቅርተማርያም ለመጀመሪያው የዕረፍት ጊዜ ወደ ቤት ሲመጡ የሩዋይዳ ቤት እዚያው ከተማ ቢሆንም እንዲያድሩ ይዘዋቸው መጡ። እንግዳ ክቡር ነውና ሙሉጌጥ ከእህቷ አልጋ ወርዳ መሬት በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተኛች። ያ አልጋ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰላትም። ሁለቱ ጓደኛሞች አንድ ዓይነት ጨርቅ ገዝተው፣ አቶ ግዛቸው አንድ ዓይነት ቀሚስ ሰፉላቸው። ለሙሉጌጥ ከቁራጩ የአሻንጉሊት ልብስ ወጣላት።

በ1976 ዓ.ም. ተመርቀው በይርጋለም ሥራ ጀመሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመለሱ። በ1982 ዓ.ም. ከአቶ ሰይፈሚካኤል ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው ወንድ ልጃቸውን እስራኤልንና ሴት ልጃቸውን ሄራንን አፍርተዋል። እየሠሩ በመማርም የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አግኝተዋል።

በ1996 ዓ.ም. የሕይወታቸውን መንገድ የለወጠ ነገር ደረሰ። በወቅቱ በሚሠሩበት ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርሶች ኃላፊ ነበሩ። አንዲት እናት በቀዶ ሕክምና ወልዳ ሆዷ ሊሰፋ ሲል፣ ገና የተመረቀች ሮቢ የምትባል ነርስ ከደም መጥረጊያው ጨርቅ አንዱ እንደጎደለ አየች። «ዶክተር፣ የጎደለ ይመስለኛል» አለች፤ ድምፅዋ ግን ከጭንብሏ አልወጣም። ሐኪሙ «ምን አልሽ?» ብለው ሲቆጧት «ምንም» አለች። እናቲቱ በትኩሳት እየነደደች ተመልሳ መጣች። ሆዷ ዳግመኛ ተከፍቶ የተረሳው ጨርቅ ወጣላትና ነፍሷ ተረፈች፤ ማህፀኗ ግን አልተረፈም።

ኮሚቴ ተቀመጠ። ሮቢ ትባረር ተባለ። ያን ጊዜ ሲስተር ፍቅርተማርያም ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ «ይህች ልጅ አይታለች። ያየችውን እንድትውጥ ያስተማርናት እኛ ነን። የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝና ቅጣቱን ከእኔ ጀምሩ።» ከእሳቸው ጀመሩ። ሲስተር ፍቅርተማርያም ከኃላፊነታቸው ተነሡ፤ ሮቢ በሥራዋ ላይ ቆየች። የተጎዳችውን እናት ቤቷ ድረስ ሄደው የሆነውን ሳይደብቁ የነገሯትም፣ ይቅርታ የጠየቋትም እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የመስቀል ዕለት መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ እህታቸው ቤት ሳይሆን ወደ እርሷ ቤት ሆነ። ሙሉጌጥ ክትፎውን ከድና ትጠብቅ ነበር።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሲስተር ፍቅርተማርያም ከሲስተር ሩዋይዳ ጋር በመሆን ለጤና ባለሙያዎች የታካሚ ደኅንነትና የአመራር ሥልጠና መስጠት ጀመሩ። ሐይቅ ዳር በሚገኝ አዳራሽ ነርሱም፣ አዋላጁም፣ ሐኪሙም፣ ፋርማሲስቱም፣ የጽዳት ሠራተኛውም በአንድ ላይ ይቀመጣል። በመጀመሪያው ጠዋት ንግግር የለም። ሁሉም በየተራ ተነሥቶ ጮክ ብሎ «ዶክተር፣ ይቁሙ!» ማለት አለበት። ይህን ለማለት ላብ የሚያጠምቃቸው፣ ሁለት ጊዜ ሞክረው የሚቀመጡ ብዙዎች ነበሩ። ከዚያ ተራው የሐኪሞቹና የኃላፊዎቹ ነው፤ እነርሱ ደግሞ «አመሰግናለሁ፤ ምን አየሽ?» ብሎ መመለስን ይለማመዳሉ። ሲስተር ፍቅርተማርያም «የሚከብደው ይህኛው ነው» ይሉ ነበር። «የሚናገር ሰው የሚበዛው የሚሰማ አለቃ ሲኖር ነው።» አንድ ስፔሻሊስት «ነርስ ሐኪም ልታስተምር?» ብለው በሻይ ሰዓት ጥለው ወጡ። ሲስተር ፍቅርተማርያም ወንበራቸውን አላስነሡም፤ «ከተመለሱ ቦታቸው ነው» አሉ። አልተመለሱም። ወንበሩ ሥልጠናው እስኪያልቅ ባዶውን ዋለ።

በዚህ ሁኔታ ሃያ ዓመት ያህል ሠርተው በ2015 ዓ.ም. በጡረታ ቢሰናበቱም ማስተማሩን አልተዉም። ቤተሰቡ ግን ስለዚህ ሥራ የሚለው አለው። አቶ ሰይፈሚካኤል ባለቤታቸውን ለማግኘት ሲቸገሩ «እኔም ለሥልጠናው ልመዝገብ?» ይሉ ነበር። ሄራን «እናቴን የወሰደብኝን ሙያ አልማርም» ብላ አካውንቲንግ ተማረች። በዓል ሲመጣ ከዲላ፣ ከሶዶ፣ ከአለታ ወንዶ «እማዬ» እያሉ የሚደውሉት አያባሩም ነበር፤ ሄራን አንዴ ስልኩን አንሥታ «የማን እማዬ?» ብላ በደዋዩ ጆሮ ላይ ዘግታለች።

ሙሉጌጥ ደግሞ ፒያሳ ላይ የጨርቅ ሱቅ አላት፤ ቤቷ ለአዳራሹ ይቀርባል። ስለዚህ ሁለቱ ሲስተሮች ሥልጠናውን የሚለማመዱት በእርሷ ሳሎን ነበር። ሲስተር ሩዋይዳ ቁጡ ሐኪም ይሆናሉ፤ ሲስተር ፍቅርተማርያም ፈሪ ነርስ ይሆናሉ፤ ይጯጯኻሉ፤ ከዚያ እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ። ሙሉጌጥ የሻይ ትሪ ይዛ በር ላይ እንደቆመች ሁሉንም በቃሏ ያዘችው። «ነይ ተቀመጪ» ያላት ግን አልነበረም። በዚህ ጽሑፍ ሽፋን ላይ ያለው ፎቶግራፍ እንኳ ሁለቱ አብረው ከተነሡት ላይ የተቆረጠ ነው። ሲስተር ፍቅርተማርያም እንደዚያ የሳቁበት ሌላ ፎቶግራፍ አልተገኘም። በግራ ትከሻቸው ላይ የቀረችው እጅ የሲስተር ሩዋይዳ ናት።

ቅናት የሙሉጌጥ ብቻ እንዳልነበረም መታወቅ አለበት። አንድ ጊዜ ሲስተር ሩዋይዳ ብቻቸውን አዲስ አበባ ሄደው እንዲያስተምሩ ተጋበዙ። ሲስተር ፍቅርተማርያም የጓደኛቸውን ልብስ ተኩሰው፣ ሻንጣቸውን አዘጋጅተው ሸኟቸው፤ ከዚያ አንድ ሳምንት ሙሉ የጓደኛቸውን ስልክ አላነሡም። ያን ሳምንት በየማታው ወደ እህታቸው ቤት ይመጡ ነበር። ለሙሉጌጥ ከዚያ የተሻለ ሳምንት አልነበረም።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ በደም ካንሰር መታመማቸው ታወቀ። ሆስፒታል ሲተኙም ሲስተር ሩዋይዳና ሙሉጌጥ በማስታመም ተፎካከሩ፤ በራስጌ ማን ይቀመጥ፣ ሾርባ ማን ያምጣ በሚለው ተኮራርፈዋል። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ጫምባላላ ዕለት ሲስተር ሩዋይዳ ሾርባ ሊያመጡ ወደ ቤታቸው ወጡ። ወደ በዓሉ ሜዳ ወደ ጉዱማሌ የሚተመው ሕዝብ መንገዱን ስለሞላው መመለስ አቃታቸው። ሙሉጌጥ ከእህቷ ጋር ብቻዋን ቀረች። ሲስተር ፍቅርተማርያም ከድካም ብዛት እንቅልፍ ጥሏቸው ነበር።

በዚህ መካከል ብዙአየሁ የሚባል ወጣት ነርስ የታዘዘላቸውን ደም ይዞ ገባ። አብሮት ሊያመሳክር የሚገባው ባልደረባው ለድንገተኛ ሕመምተኛ ተጠርቶ ሄዷል። «የሲስተር ፍቅርተ ደም ደርሷል» ብሎ ከረጢቱን ሰቀለ። ሙሉጌጥ ቀና ብላ የተለጠፈበትን ስም አነበበች። ፍቅርተ ግዛው ይላል። «እርሱ የተማረ ነው፣ እኔ ጨርቅ ሻጭ ነኝ» ብላ ልትተወው አሰበች። ብዙአየሁ ቱቦውን ሊያገናኝ ሲጎነበስ ግን ድምፅዋ ሳታስበው ወጣ።

«ዶክተር፣ ይቁሙ!» ብላ ጮኸች፤ ነርስ መሆኑን እንኳ ረስታ።

ብዙአየሁ እጁን መለሰ። አልተቆጣም። «አመሰግናለሁ እናቴ። ምን አዩ?» አላት።

«የእኛ አባት ግዛቸው ናቸው። ይሄ ግዛው ነው የሚለው።»

ደሙ በሚቀጥለው ክፍል ለተኙ ሌላ ሴት የመጣ ነበር፤ ዓይነቱም አይገጥምም። ቢገባ ኖሮ ሲስተር ፍቅርተማርያም ያን ዕለት ሕይወታቸው ባለፈ ነበር። ብዙአየሁ ከረጢቱን አወረደ። ማንም ሳያስገድደው ወደ ኃላፊው ሄዶ የሆነውን ተናገረ። ሲመለስ ሙሉጌጥ «እንዲህ ብለህ መመለስን ማን አስተማረህ?» አለችው። በአገጩ ወደ አልጋው አመለከተ። ሙሉጌጥ ስንት ዓመት ስትቀናባቸው ከኖረቻቸው ሠልጣኞች አንዱ እርሱ ነበር።

ሲስተር ፍቅርተማርያም በጩኸቱ ነቅተው ነበር። «ማን ነው የጮኸው?» አሉ።

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«አንቺን ደግሞ ማን አሠለጠነሽ?»

«በር ላይ ቆሜ ሰምቼ ነው።»

«ወንበር ሰጥቼሽ አላውቅም?»

«አልሰጡኝም።»

ራሳቸውን ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርገው አልጋው ላይ ቦታ ለቀቁላት። ሙሉጌጥም እንደ ልጅነቷ አጠገባቸው ጋደም አለች።

ሲስተር ሩዋይዳ ሾርባውን ይዘው ሲደርሱ ሙሉጌጥ ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው፤ ከዚያም ደገመችላቸው። ሲስተር ሩዋይዳ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። «አርባ ዓመት አብሬያት ኖሬ፣ ያን ሰዓት አጠገቧ የተገኘሽው አንቺ ሆንሽ? ወላሂ ቀናሁብሽ ሙሉ!» አሉ። ለሙሉጌጥ ጆሮ ከዚህ የጣፈጠ ቃል ደርሶ አያውቅም። ሾርባውን ያን ቀን ተሻምተው ሳይሆን ተጋግዘው አጠጧቸው።

ሲስተር ፍቅርተማርያም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ባለቤታቸው አቶ ሰይፈሚካኤል፣ ልጆቻቸው እስራኤልና ሄራን፣ እህቶቻቸው ሙሉጌጥና ሲስተር ሩዋይዳ ሙክታር ከኋላቸው ቀርተዋል። ሲስተር ሩዋይዳ በየትኛው ረድፍ ይጻፉ በሚለው ቤተሰቡ ተነጋግሯል። ሙሉጌጥ እህት ብላ ከራሷ ቀጥሎ አስገብታቸዋለች፤ ከራሷ በፊት ግን አይደለም። ሥልጠናውን ከእንግዲህ የምትመራው በዚያ ኮሚቴ ፊት ሲስተር ፍቅርተማርያም የተሟገቱላት ሲስተር ሮቢ ናት። ከየከተማው መጥታችሁ «እማዬ» እያላችሁ የምታለቅሱትን ሁሉ ቤተሰቡ ያመሰግናል። ለዛሬ አልቅሱ፤ ለዛሬ የሁላችሁም ናቸው።

ሲስተር ፍቅርተማርያምን እስከ አሁን ከእኛ የወሰዷቸው ሁሉ መሽቶም ቢሆን ይመልሱልን ነበር። አሁን የወሰዳቸው ፈጣሪያቸው ግን አይመልስልንም። ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ ላዘንነው ሁሉ መጽናናትን ይስጠን። በእርሱም እንኳ ትንሽ እንቀናለን፤ ይቅር ይበለን። አሜን።